የእማማ ጣሪያ፦ የጎረቤት አረጋዊ ቤት ከክረምት በፊት እንዴት ይታደሳል?

እማማ ቤት የገባሁት ሐምሌ ላይ ነበር። ወለሉ ላይ አንድ ባልዲ፣ ሁለት የቀለም ጣሳ፣ አንድ የሽሮ ድስትና አንድ የተሰበረ ሳፋ ተደርድሯል። አምስቱም የየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። እማማ ተራቸውን በቃላቸው ያውቁታል። «መጀመሪያ የሚሞላው ይሄ ነው፤ ከዚያ ያ ከአልጋው ጎን ያለው» አሉኝ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስተው ይደፏቸዋል። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው።

«እናድስልዎታለን» አልን፤ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን። ነሐሴ ላይ ጣሪያውን ከፈትን። በሁለተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። ፍራሹ ራሰ። የመረግነው ጭቃ አልደርቅ ብሎ ከግድግዳው ተገሸለጠ። እማማም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ቤት አደሩ። ቤቱ በመጨረሻ ታደሰ። ግን ያንን ዓመት ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤቶች አድሰናል። እዚህ የምጽፈው ከስህተታችን የለቀምነውን ነው። የማውቀው አዲስ አበባን ስለሆነ የማወራው ስለ አዲስ አበባ የጭቃ ቤት ነው።

መቼ ይጀመር?

የበጎ ፈቃድ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የሚጀመረው። ልጆች ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ዘመቻው ይታወጃል፣ ካናቴራ ይታደላል። ዝናቡ ግን በዚያ ጊዜ ገብቷል። ጣሪያ የሚከፈተው ሰማይ ሲዘጋ ነው፤ በክረምት ደግሞ ሰማይ አይዘጋም። ጭቃ በጥር እና በየካቲት ይመረግ፤ ጣሪያ ቢዘገይ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ድንገት ሊመጣ ስለሚችል ያኔም ሸራ ከእጃችሁ አይጥፋ። የወረቀት ጉዳዩ ብቻ አንድ ወር ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ለጥር ሥራ ኅዳር ላይ ተነሱ።

ክረምት ላይ ደርሳችሁ ከሆነ ቤቱን አትንኩት። ጣሪያው ላይ ወፍራም ላስቲክ ወይም ሸራ ዘርግታችሁ በድንጋይና በገመድ አስሩት፣ የውኃ መውረጃ ቦዩን ጥረጉ፣ አልጋውን ወደማያፈሰው ጥግ አዙሩ። በቃ። የቀረውን ለበጋ።

ቤቱን ማየት

መዶሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቡና ጠጡ። እኛ ያፈሳል ያልነው ቤት የባለቤቱ ትልቁ ጭንቀት ላይሆን ይችላል። አንዲት እናት ጣሪያቸውን ለማየት ስንሄድ የለመኑን የሽንት ቤቱን በር ነው። ሌሊት በጨለማ መውጣት ፈርተው ውኃ መጠጣት ትተው ነበር። በሩን የሠራነው በግማሽ ቀን ነው። «ልጆቼ፣ አሁን ሰው ሆንኩ» አሉን። እና ጠይቁ፤ «ምን እንሥራልዎ?» በሉ፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ።

ከዚያ ቤቱን እዩ። እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮቱን ዝጉና ቀና በሉ። የተበሳ ቆርቆሮ ካለ ብርሃኑ እንደ ኮከብ ያበራል። ኮርኒስ ካለ፣ የማዳበሪያም ሆነ የአቡጀዲ፣ አንድ ጥግ ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካያችሁ ውኃው እዚያ ይተኛል ማለት ነው፤ የግድ ቀዳዳው ከላዩ ነው ማለት ግን አይደለም። ውኃ በወራጁ፣ ክዳኑን በተሸከመው እንጨት፣ ተንሸራቶ ሜትር ርቆ ይንጠባጠባል።

አሁን ዝቅ በሉ። አብዛኛው ሰው ጣሪያውን ብቻ አይቶ ይሄዳል። የጭቃ ቤት ግን የሚሞተው ከእግሩ ነው። ቋሚዎቹ መሬት የሚገቡበትን ቦታ በጠመንጃ መፍቻ ወይም በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉ። እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ ቢላው አይገባም። እንደ ዳቦ ከገባ ምስጥ ወይም እርጥበት በልቶታል። አንድ ሁለት ቋሚ ከሆነ አናጺ ይለውጠዋል። ከአንድ ወገን ያሉት በሙሉ ከበሰበሱ ወይም ቤቱ ካዘመመ ግን ያ የእናንተ ሥራ አይደለም። ፈርሶ የሚሠራ ቤት ነው። ለወረዳው አመልክቱ እንጂ አዲስ ቆርቆሮ ከላዩ አትጫኑበት። ሲወድቅ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው።

ቤቱ የማን ነው?

እዚህ ጋ ነው ብዙ በጎ ሐሳብ የሚሞተው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ብዙ የመሀል ከተማ አረጋውያን ከዚያ ዘመን ጀምሮ በቀበሌ ቤት የሚኖሩበት ምክንያት ይሄው ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው። ቤቱ ግን የእነሱ አይደለም። ያለ ፈቃድ አንድ ግድግዳ ብትነኩ ችግሩ እናንተ ላይ ሳይሆን እማማ ላይ ነው የሚወድቀው።

የቀበሌ ቤት ከሆነ የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ማመልከቻው በእማማ ስም፣ በእማማ ፊርማ ወይም አሻራ ይሁን። ምን እንደሚሠራ ቆጥራችሁ ጻፉ፦ ቆርቆሮ መለወጥ፣ የበሰበሰ ወራጅ መለወጥ፣ ግድግዳ መመረግ። የኪራይ ደብተሩንና መታወቂያቸውን ኮፒ አያይዙ። ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ ጠይቁ። የፈቃዱን ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን በር ላይ ለጥፉ፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ክርክር አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ማሳየት ነው። ደግሞ ቤቱን አንድ ስንዝር እንኳን አታስፉ። «እግረ መንገዳችንን ኩሽናዋን ትንሽ ገፋ እናድርጋት» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። እሱን ዝም አሰኙት።

በዚያው ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ አካባቢው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ አለ? ከስድስት ወር በኋላ የሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ልብ ይሰብራል። ዕቅድ ካለ ጉልበታችሁን ወደ ሌላ አዙሩት። እማማ በምትክ ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አብራችሁ አረጋግጡ፤ ከጣሪያው ይልቅ የሚጠቅማቸው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቤቱ የግል ይዞታቸው ከሆነ ካርታውን ወይም የይዞታ ማስረጃውን እዩ፤ የወራሽ ክርክር እንዳለም ጠይቁ። ግለሰብ ጋ የተከራዩ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። በእናንተ ብር የታደሰ ቤት ኪራዩ ሲጨመር አይቻለሁ። አከራዩን አግኙ፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ኪራይ እንደማይጨምር፣ እንደማያስወጣም በሁለት ምስክር ፊት ይፈርም። እምቢ ካለ አታድሱለት። ጨከንክ አትበሉኝ፤ የእሱን ንብረት በነጻ እያሳደሳችሁ ነው።

ሰው

እድሩን ሳትይዙ አትጀምሩ። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ሳህን አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ አባላቱን ያውቃል፤ ማን አናጺ እንደነበረ፣ የማን ልጅ ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ። ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። ወርኃዊው ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ይነሳል። የእኛ እድር መጀመሪያ «ደንባችን ለሐዘን ነው እንጂ ለቤት ማደስ አይደለም» አለን። ገንዘቡን ትተን ድንኳኑን ብቻ ስንጠይቅ ግን ማንም እምቢ አላለም። ጣሪያው በተከፈተ ሰዓት እማማን ያዳነው ያ ድንኳን ነው።

ለአንድ ክፍል ቤት አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ሠላሳ ሰው ከመጣ አሥራ ስምንቱ ቆሞ ያያል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ሚስማር ይረግጣል። የቀሩትን ለሌላ ቅዳሜ ቅጠሯቸው።

አናጺውን ክፈሉት። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ የማይስማሙ አሉ። «እሱም የሰፈር ልጅ ነው፤ በነጻ ይሥራ» ብለን ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ በነጻም ጀመረ። ሦስተኛው ቀን የሚከፈልበት ሥራ ሲያገኝ ሄደ። ጣሪያው ግማሹ ክፍት ነበር። ማን ይወቅሰዋል? ቀን ሠርቶ ነው የሚበላው። አሁን የቀን ሒሳቡን እንከፍላለን፤ እሱ ደግሞ በፈቃዱ አንዱን ቀን ይተውልናል።

ገንዘብና ቆርቆሮ

ሒሳቡን ከመለመናችሁ በፊት ሥሩት። ቤቱ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው እንበል። ክዳኑ በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ 4.8 በ5.8 ይሆናል። ያ ወደ 28 ካሬ ነው። ለተዳፋቱ አንድ አሥረኛ ጨምሩ፤ 31 ካሬ። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ገደማ ከሆነ፣ ተደራርቦ ሲመታ አንዱ የሚሸፍነው 1.25 ካሬ ያህል ነው። ስለዚህ 25 ቆርቆሮ። ለብልሽት ሁለት ጨምሩ፤ 27። የቆርቆሮው ስፋት ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ውፍረቱን በጌጅ ይጠሩታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ሻጩ ርካሹን ሲያወጣ ቁጥሩን ጠይቁ። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ማምጣት ይቻላል፤ ለአጥርና ለኩሽና ግድግዳ አሪፍ ነው። ለጣሪያ ግን አይሁን። የድሮው ሚስማር ቀዳዳ አለበት፤ ያንን በሬንጅ ስትደፍኑ ትኖራላችሁ።

ስትለምኑ በዓይነት ለምኑ። «ለበጎ ሥራ አዋጡ» ስትሉ ሰው ሃምሳ ብር ያወጣል። «አንድ ቆርቆሮ ይግዙልን» ስትሉ ግን ቆርቆሮ ይገዛል። ውጭ ያሉ ዘመዶችም እንደዚሁ ናቸው። ዋሽንግተን ያለ የሰፈራችን ልጅ «ምን ልላክ?» ሲል «የቻልከውን» ብለነው ሁለት ወር ጠፋ። «በሩንና ቁልፉን አንተ ቻል» ስንለው በሳምንቱ ላከ።

ብሩ የአንድ ሰው ቴሌብር ውስጥ ገብቶ ከግል ብሩ ጋር አይቀላቀል። ሦስት ሰው ምረጡ፤ አንዱ ይቀበል፣ አንዱ ይግዛ፣ አንዱ ይመዝግብ። የገባውንና የወጣውን በእጅ ጽፋችሁ እማማ በር ላይ፣ ከፈቃዱ ደብዳቤ ጎን፣ በየሳምንቱ ለጥፉ። ሐሜት የሚገባው ወረቀት በሌለበት ነው።

ሳጥኗ

ይህችን ለብቻ የምጽፈው ስላጠፋሁ ነው።

የቤቱን ዕቃ ስናወጣ እኔ ነበርኩ የምለየው። ከአልጋው ሥር የዛገች የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ስነቀንቃት ትንሽ ነገር ተንኳኳ። የምትረባ አልመሰለኝም፤ ከቆሻሻው ጋር ጆንያ ውስጥ ጣልኳት። ማታ እማማ «ሳጥኔስ?» አሉ። ውስጡ የኪራይ ደብተራቸው፣ የእድር ደረሰኝ፣ የሟች ልጃቸው አንድ ፎቶ፣ እና እንዝርት ነበረበት። በባትሪ ገንዳው ጋ ሄደን ጆንያ በጆንያ ስንፈታ አመሸን። ተገኘች። እማማ አልተቆጡኝም። ሳጥኗን ተቀብለው በነጠላቸው ጠረጉና ጉያቸው ውስጥ ከተቷት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይሄ ነው። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ምንም አይጣልም፤ የተቀደደ ላስቲክም ቢሆን። ወረቀት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ፎቶ በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳው ከእማማ እጅ አይወጣም። የቀረው ዕቃ የት እንደነበረ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ሲመለስ እዚያው ይቀመጥ። ዓይናቸው የደከመ ሰው ውኃውን የሚያገኘው በዳበሳ ነው። የት እንደሚያድሩም እሳቸው ይምረጡ። ልጃችን ቤት ሰፊ ነው ብላችሁ አትውሰዷቸው፤ ምናልባት አጥር ለአጥር የምትኖረው ጎረቤታቸው ጋ መሬት ላይ መተኛት ይመርጣሉ።

የሥራው ቀን

መጀመሪያ ቆጣሪው ይጥፋ። በአሮጌ ቤት ሽቦው በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ነው የሚገኘው። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አይቶ ሳይፈታው ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። ኮርኒሱ ሲወርድ የሃምሳ ዓመት ጥላሸትና አቧራ አብሮ ይወርዳል፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ሚስማሩ የተመታበትን መስመር ብቻ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከታች ሆኖ ያቀብል። ሰው ቢወድቅ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እሳት ቢነሳ 939። ሁለቱንም ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ።

ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አትግፈፉት። ግማሹን ንቀሉ፣ ወራጁን ለውጡ፣ አዲሱን ምቱ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ግማሽ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ምቱ፤ የላይኛው የታችኛውን ቢያንስ 20 ሳንቲ ይጫነው። ጎን ለጎን ደግሞ ሁለት ሞገድ ይደራረብ። ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውኃው በሚሄድበት ቦይ ላይ አይደለም። ይሄን የማያውቅ ጎበዝ በአንድ ቀን ሃምሳ አዲስ ቀዳዳ ይከፍትላችኋል። አሸንዳ ካላበጃችሁ ከአዲሱ ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ጎረቤት ግቢ ይገባል፤ ጠቡ የሚመጣው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው።

ምሳ የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ ሽሮና እንጀራ ከየቤቱ ይምጣ። እማማ ከጎረቤት ተበድረው ሊያበሏችሁ ይሞክራሉ፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቡናውን ግን ለእሳቸው ተዉላቸው። ቤታቸው ሰው ሲመጣ ቡና ማፍላት ከከለከላችኋቸው እንግዳ አደረጋችኋቸው ማለት ነው።

ጭቃው

ጭቃን የሚያውቁ እናቶች ናቸው። እኛ በሁለት ቀን ልንመርግ ስንነሳ አንዲት እናት ጭቃችንን በእጃቸው ጨበጡና ወረወሩት። «አልቦካም» አሉ። አፈሩ ተነፍቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት መተኛት አለበት። በየሁለት ቀኑ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና ትረግጡታላችሁ። ሲደርስ ይሸታል። ሽታው ካልመጣ አልደረሰም።

አሮጌው ምርግ የላላው ሁሉ ይነሳ፤ ግድግዳው ውኃ ይረጭ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ይመረግ። ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ። ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው፣ ቀጠን ያለው፣ ስንጥቁን ይሞላል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብ ነው ነሐሴ ላይ ያዋረደን። ሲሚንቶ ልስን ላድርግበት የሚል ካለ አይሆንም በሉት። ጭቃው እርጥበት ሲያስገባና ሲያወጣ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው አይተነፍስም፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በመጨረሻ በግድግዳው ዙሪያ ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ ውኃውን ከቤቱ እግር አርቁት።

ቤቱ ሲደርቅ ወረቀቱ

ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሳምንት አለ። በዚያ ጊዜ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ከእማማ ጋር ወረዳ ይሂድ። መታወቂያቸው ታድሷል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው? መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በከተማ ሴፍቲኔት ውስጥም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። ሁለቱም ምልመላ አላቸው፤ ምልመላው መቼ እንደሆነ በቀጠናችሁ ጠይቁ። «ነገ ተመለሱ» ይሏችኋል። ነገ ተመለሱ። እኛ አራት ጊዜ ተመላልሰናል፤ እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ ሁለተኛው ላይ ይቀሩ ነበር።

ፎቶውን በተመለከተ፦ የቤቱን በፊትና በኋላ አንሱ። የእማማን ፊት ግን ቲክቶክ ላይ አታውጡ። ጠይቀን ፈቅደዋል ትላላችሁ። ቤቱን ለሠራለት ሰው ማን እምቢ ይላል?

ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሂዱ። እየዘነበ እንጂ ካባራ በኋላ አይደለም። መሰላልና ጠመኔ ያዙ፤ የሚንጠባጠብ ቦታ ካለ ምልክት አድርጉበትና ሲያባራ ድፈኑት። እኛ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛውን ቤት እንዲህ ልናይ ሄድን። አንድ ቦታ፣ ከበሩ በላይ፣ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቲቱ ከሥሩ የቡና ስኒ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። «ተዉት ባካችሁ» አሉ፤ «ድምፁን ለምጄዋለሁ።» አልተውነውም።